አሸናፊው ሽማግሌ ሆኖ ሲመጣ

ሃያ አንድ ዓመት ሞልቶኛል ብላ የሻረግ ስትቀርብ፣ የምርጫ መዝጋቢው ቀና ብሎ አያትና ብዕሩን አስቀመጠ። አላመናትም። አይፈረድበትም፤ የሻረግን ያየ ሁሉ ዐሥራ ሰባት ዓመት ከሰጣት አብዝቶላት ነው።

«ምስክር አምጪ» አላት።

ሄዳ እናቷን አመጣች። አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ወይዘሮ ባይሽን የማያውቅ ቢኖር ትናንት በባቡር የገባ እንግዳ ብቻ ነው፤ መዝጋቢው ደግሞ ወደ ከተማው ከመጣ ገና አራት ወሩ ነበር። ወይዘሮ ባይሽ ግራሩ ሥር የተዘረጋውን ጠረጴዛ፣ ማኅተሙን፣ የተሰለፈውን ሕዝብ አንድ በአንድ ካዩ በኋላ ልጁን ከእግር እስከ ራሱ ለኩት።

«ሁለት ቀን ተኩል ያማጥኋት እኔ ነኝ» አሉት። «ያኔ አንተ የት ነበርክና ነው ዕድሜዋን የምትጠይቀኝ?»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። መዝጋቢው ጆሮው ድረስ ቀልቶ ጻፈ። ስዩም ይባላል። የጥጥ እርሻው የሚዛን ቤት ጸሐፊ ነው፤ እጅ ጽሑፉ ስለሚያምር ለምርጫው ሥራ በውሰት የመጣ። ካርዱን ሲሰጣት ግን አንገቱን አልደፋም፣ አያት። እሷም አየችው። ነገሩ የተጀመረው እዚያው ነው፤ በስድሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በሚያዝያ ሐሩር፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ቆሞ እያየ።

የሻረግ ለመመዝገብ ያን ያህል የተጣደፈችው ለአባቷ ድምፅ ልትሰጥ ነው። አቶ ወልደገብርኤል ሃያ ስድስት ዓመት ሐዲድ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የተወዳደሩት ወንበር አምሯቸው አልነበረም። የጥጥ እርሻው በየዓመቱ ወደ ወንዙ እየሰፋ የአፋሮቹን የከብት መውረጃ ዘግቶት ነበር። ሀሰን የሚባሉ የአፋር ሽማግሌ፣ የወልደገብርኤል የሃያ ዓመት ወዳጅ፣ በአንድ በጋ ሰባ ከብት ውሃው እየታያቸው አልቆባቸዋል። ያን ቀን ወልደገብርኤል እቤታቸው ገብተው ምሳ አልበሉም። በማግስቱ ሄደው ለምርጫ ተመዘገቡ፣ ምልክታቸውንም ፋኖስ አደረጉ።

ተወዳዳሪያቸው ፊታውራሪ ጥጋቡ ነበሩ። መሬቱን ለእርሻው ያከራዩት እሳቸው ናቸው፤ መውረጃው የተዘጋው በእሳቸው መሬት ላይ ነው። የዓመቱን እኩሌታ አዲስ አበባ ይቀመጣሉ። ምልክት ምረጡ ሲባሉ ግመል ያዙ። ግመል እንኳን ሊጭኑ ቀርቶ በቅርብ ቢያዩት የሚሸሹ ሰው፣ አፋሩ ግመል ካየ ይመርጠኛል ብለው መሆኑ ነው። ብልጥ ናቸው፤ ሰው ግን ሞኝ ይመስላቸዋል።

አዋሽ ላይ ያን ጊዜ ወጣት የሚተያይበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር፣ ባቡር ጣቢያው። ባቡሩ ቀትር ላይ ለምሳ ሲቆም ተሳፋሪው ይወርዳል፣ ከተማው ደግሞ ተሳፋሪውን ሊያይ ይወጣል። በዚያ ግርግር መካከል ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቢቆም ማንም ልብ አይለውም። የሻረግና ስዩምም ተሳፋሪ የሚያዩ መስለው እንዲያ ይቆሙ ነበር። ሚያዝያም ግንቦትም በዚህ አለፈ።

ስለራሱ የነገራት ጥቂት ነው። አባትና እናቱ ሞተዋል፤ ያሳደገችው አክስት መርሐቤቴ ናት፣ እሷም እግሯ አይሄድም። ምርጫው ይለፍና ሽማግሌ እልካለሁ አላት አንድ ቀን፣ ፊቱን ወደ ባቡሩ አድርጎ። ቀጥሎ ግን ከፋው። ሽማግሌ የሚሆነኝ ማን አለኝ፣ እዚህ አገር የሚያውቀኝ ሚዛኑ ብቻ ነው አላት። የሻረግ ሳቀች። ጋሽ ሙሐመድሰዒድ አሉ አለችው። ሙሐመድሰዒድ ከወሎ መጥተው ጣቢያው አጠገብ ሻይ ቤት የከፈቱ፣ አባቷ የሚያከብሯቸው፣ ስዩምም ቁርስና ራት የሚበላባቸው ሰው ናቸው። እስላም ለክርስቲያን ሽማግሌ ይሆናል ወይ ቢላት፣ ወሎ ላይ እንኳን ሽማግሌ ሚዜም ይሆናል ብላ አሳፈረችው።

እወድሃለሁ ብላው አታውቅም። ሴት ልጅ እንዲህ አትልም ተብላ ነው ያደገችው፤ ደግሞም እሱ የሚያውቅ ይመስላት ነበር።

የምርጫው ቀን ሰኔ ላይ ዋለ። አፋሮቹ ሁለት ቀን በእግራቸው ተጉዘው መጡ፤ ግመሉን በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ እያዩ ተሳሳቁና ለፋኖስ ሰጡ። ሐዲድ ሠራተኛው፣ ባለሱቁ፣ የጣቢያው ቡፌ አሳላፊ ሳይቀር ለፋኖስ ሰጠ። የከተማው ሳጥን በማግስቱ ጠዋት ሲቆጠር ወልደገብርኤል በሰባት መቶ ሠላሳ ድምፅ በለጡ። ወይዘሮ ባይሽ እልልታቸውን ለመልቀቅ ትንፋሻቸውን ስበው ነበር። የቀረው የእርሻው ሳጥን ብቻ ነው።

እሱም በእርሻው መኪና ተጭኖ መጣ። ረፋድ ላይ ተከፈተ፣ ተቆጠረ፣ ከሰዓት በኋላ ውጤቱ በር ላይ ተለጠፈ። ፊታውራሪ ጥጋቡ በአራት መቶ ዐሥር ድምፅ አሸንፈዋል።

የዚያን ቀን ከተማው ምን እንደሆነ መናገር ያሳፍራል። የፊታውራሪው ሰዎች ጥይት ወደ ሰማይ ለቀቁ፣ ሰንጋ ጣሉ። ጠዋት ወልደገብርኤልን ትከሻቸውን እየሳመ እንኳን ደስ ያለዎት ያለ ሰው ሁሉ ከሰዓት በኋላ ሥጋ ሊበላ ሄደ። ሰው እንዲህ ነው፤ ፀሐይ ወደ ወጣበት ነው የሚያሰጣው። ሀሰንና አብረዋቸው የመጡት ብቻ ግቢው ውስጥ ቀሩ። ወልደገብርኤል ይቅርታ ሊጠይቋቸው ቢሞክሩ ሀሰን እጃቸውን ያዙና፣ ለሁለት ቀን መንገድ አይታዘንም፣ ወንዙን የሚመልስልን ሰው ስንፈልግ ሃያ ዓመት ሄደናል አሏቸው።

በማግስቱ ቀትር ስዩም ጣቢያው ላይ ከባቡሩ ቀድሞ ደርሶ ጠበቃት። ዐይኑ ቀልቶ ነበር።

«የእርሻውን ሰው የመዘገብኩት እኔ ነኝ» አላት። «ስድስት መቶ ዐሥራ ሁለት ነው። ሳጥኑ ውስጥ የነበረው ወረቀት ግን አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ነው። የሳጥኑም ማኅተም ተሰብሮ ነው የመጣው። የምርጫ ኃላፊው ጻፍ አሉኝ፣ ጻፍኩ።»

የሻረግ ቁጥሩን በልቧ ደምራ ቀነሰችው። አባቷ አሸንፈው ነበር። የእርሻው ሰው አንድ ሳይቀር ለግመል ቢሰጥ እንኳ አሸንፈው ነበር። ጻፍ አሉኝ፣ ጻፍኩ ያለውን ግን እንደ ዋዛ አሳለፈችው።

«ትመሰክራለህ?»

ባቡሩ ገባ፣ ሰው ወረደ፣ ሻጮቹ ተንጫጩ። ስዩም ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። እሷ ፊቱን አየችው፤ ዐይኗን አልነቀለችም።

«እመሰክራለሁ» አላት።

በሩጫ ነው ቤቷ የገባችው። አቤቱታ ውጤቱ በተነገረ በስምንት ቀን ውስጥ ካልቀረበና ምስክር ካልተሰማ ውድቅ ነው፤ ስለዚህ ወልደገብርኤል በማግስቱ ለወረዳው ፍርድ ቤት አቤቱታቸውን አስገቡ። የሻረግ ራሷ ናት የጻፈችላቸው። በምስክርነት የስዩምን ስም ያሰፈረችውም እሷ ናት። ምስክሩ የሚሰማው ማክሰኞ፣ በስምንተኛው ቀን ሆነ።

አዋሽ ላይ ወረቀት ከሰው ይፈጥናል። በዚያው ቀን ፊታውራሪ ጥጋቡ ስዩምን አስጠሩት።

ይሰድቡኛል ብሎ ነበር የሄደው። አልሰደቡትም። ወንበር ስበው አጠገባቸው አስቀመጡት፣ ያገሩን ስም ጠየቁት፣ አባቱ ስንት ዓመቱ ሆኖ እንደሞተ ጠየቁት። የወልደገብርኤልን ልጅ እንደሚወድ ሰምቻለሁ አሉት። ሽማግሌ የሚሆንህ ሰው የለህም አሉ፣ እኔ አባት እሆንሃለሁ፣ ሽማግሌ ሆኜ እኔ ራሴ እጠይቅልሃለሁ አሉት። ጋብቻ ከመጣ ጠብ ይቀራል፤ ሁለታችንን የምታስታርቅ አንተ ነህ፣ ደም እንኳን በጋብቻ ይደርቃል አሉት።

ስዩም ይህን ሲሰማ እንባው መጣ። ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ አባት እሆንሃለሁ ያለው ሰው የለም። ደግሞም አሳቡ ሙሉ በሙሉ ጅልነት አልነበረም፤ ባገራችን ስንት የደም ጠብ በሠርግ አልቋል። የተረሳው አንድ ነገር ነው። ደም ያፈሰሰው ሰው እርቅ ሲፈልግ ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚመጣው፤ የዘረፈውን ለብሶ አይመጣም።

ለየሻረግ አልነገራትም። እሑድ ጠዋት ሽማግሌ ይመጣል ብሎ ብቻ በሻይ ቤቱ በኩል ላከባት። እሷም ጋሽ ሙሐመድሰዒድ የሚመሩት መስሏት ሌሊቱን በደስታ ሳትተኛ አደረች። በዚያ ሁሉ መራራ ሳምንት ውስጥ አንድ ጣፋጭ ነገር መጣ ብላ አምላኳን አመሰገነች።

እሑድ ሦስት ሰዓት ላይ ውሻው ጮኸ። ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዱ ግቢው ውስጥ ቆሙ፤ ጉዳያቸው ሳይሰማ አይቀመጡም። የሻረግ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ሆና ቆጠረች። አራት ናቸው። ሙሐመድሰዒድ ከኋላ ናቸው፣ ዐይናቸው መሬት ላይ ተተክሏል። ማን እንደሚመራቸው የሰሙት በር ላይ ደርሰው ነው፤ ከዚያ ሽማግልናን አቋርጦ መመለስ ነውር ሆኖባቸው ገቡ። ከፊት፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ነጭ ጋቢ ደርበው የቆሙት ፊታውራሪ ጥጋቡ ነበሩ።

ወልደገብርኤል ወጡ። አዩ። የሻረግ የአባቷን ጀርባ ብቻ ነው ያየችው፤ ጀርባቸው ግን እንደ ተመታ ሰው ጎበጥ ብሎ እንደገና ቀና አለ።

«ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ነው የመጣን» አሉ ፊታውራሪው፣ ደንቡን ጠብቀው፣ በለዘበ ድምፅ። «ስዩም ልጄ ነው። እርስዎም ወንድሜ ነዎት። በተዘመደ ሰው መካከል ደግሞ ክስ ነውር ነው፤ ማክሰኞ የሚባለውን ነገር እንተወው።»

ወልደገብርኤል ሽማግሌ መልሰው የማያውቁ ሰው ናቸው፤ በቤታቸው ደጅ የቆመ ሽማግሌ ጠላትም ቢሆን አይሰደብም። ሽማግሌን አከብራለሁ፣ የሚጠየቀው ግን የሷ ሕይወት ነውና መልሱን እሷ ትስጣችሁ አሉ። እንዲህ ያለ ነገር አዋሽ ላይ ተሰምቶ አያውቅም።

የሻረግ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ፊቷ እሳት ሆኗል። ስዩም የአባቷን ድምፅ በሚስት ለወጠው የሚል አሳብ ብቻ ነበር በራሷ ውስጥ የሚጮኸው።

«ማክሰኞ ፍርድ ቤት ቀርቦ ያየውን ይመስክር» አለች። «ከመሰከረ ሚስቱ ነኝ። ካልመሰከረ ግን ሽማግሌ የላከበትን ቤት ይርሳው።»

ፊታውራሪው ፈገግ አሉ። ያኔ ለምን እንደሳቁ ማንም አልገባውም። ሙሐመድሰዒድ ቀና ብለው ሰምተናል አሉ፣ ወላሂ ሰምተናል፣ እናደርሳለን። ማድረስ አላስፈለገም። ስዩም በልማዱ እዚያ መድረስ ባይገባውም ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል።

ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ አጥሩ ጥግ አገኘችው። አሳቡን ሊያስረዳት ሞከረ፤ አባት እሆንሃለሁ እንዳሉት፣ እርቅ የሚሆን እንደመሰለው። እሷ አልሰማችውም። አባቴን የሸጥክለትን ሰው አባቴ ትለዋለህ አለችው። አንድ ነገር ሊላት አፉን ከፈተ፣ ከዚያ ተወው።

«እመጣለሁ» አላት።

ማክሰኞ መጣ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጸጉሩን አበጥሮ፣ ፍርድ ቤቱ በረንዳ ላይ ከሁሉም ቀድሞ ተገኘ። ወልደገብርኤል ትከሻውን ያዝ አደረጉት፤ ሀሰንና አፋሮቹ መንገድ ለቀቁለት። የሻረግ ዐይኗ ከዐይኑ ተገናኘ፣ ኩራት ነበር በዐይኗ ውስጥ። እሱ ግን ቶሎ ፊቱን አዞረ።

ምሎ ያየውን ሁሉ ተናገረ። ስድስት መቶ ዐሥራ ሁለቱን፣ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባውን፣ የተሰበረውን ማኅተም። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ዳኛው ክፉ ሰው አልነበሩም፣ በጥሞና ሰሙት። ከዚያ የቆጠራውን መዝገብ አንስተው አሳዩት።

«ይህ ጽሕፈት የማን ነው?»

«የኔ ነው።»

«ከታች ያለው ፊርማስ?»

«የኔ ነው።»

«ውሸት መሆኑን እያወቅህ ነው የጻፍከው?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

የሻረግ ያኔ ነው የገባት። ፊታውራሪው እሑድ ለምን እንደሳቁ ያኔ ገባት። ጣቢያው ላይ፣ ጻፍ አሉኝ፣ ጻፍኩ ያላት ለምን እንደሆነ፣ ለምንስ ያን ያህል ዝም እንዳለ፣ ያኔ ገባት። የሳጥኑን ማኅተም ማን እንደሰበረው የሚያውቅ የለም፣ ጻፍ ያለውም የምርጫ ኃላፊ ጻፍ አላልኩም አለ። ብዕር የያዘው አንድ ሰው ብቻ ነው። በሐሰት ሰነድ አዘጋጅነት እዚያው ተያዘ፤ ራሱን ሐሰተኛ ነኝ ያለ ሰው ምስክርነት አይጸናም ተብሎም አቤቱታው ውድቅ ሆነ። ሁሉም ከምሳ በፊት አለቀ።

ፊታውራሪ ጥጋቡ በጥቅምት ምክር ቤት ገቡ። በኅዳር የወንዙ መውረጃ በሽቦ ታጠረ። ወልደገብርኤል ከቤት መውጣት ተዉ። ስዩም ሁለት ዓመት ተፈረደበትና ወደ አውራጃው ወህኒ ቤት ወሰዱት።

የሻረግ ስንቅ ይዛ ሄደች፤ የመጀመሪያው ወር አልሞላም ነበር። ስዩም ከስቶ፣ ጸጉሩ ተላጭቶ መጣ። በሁለታቸው መካከል ዘበኛ ቆሟል። መንገዱን ሙሉ የምትለውን ስታጠና ነበር የመጣችው። ለሽማግሌዎቹ ቃል ሰጥቻለሁ፣ አንተ መስክረሃል፣ እኔም ሚስትህ ነኝ፣ ሁለት ዓመት ምንም አይደለም አለችው።

ስዩም አየት አደረጋት። ቁጣ አልነበረም ፊቱ ላይ፣ ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር።

«ጽሕፈቱ የኔ እንደሆነ ነግሬሽ ነበር» አላት። «የጻፈ ሰው ምን ይሆናል ብለሽ አልጠየቅሽኝም።»

«ለምን አልነገርከኝም? ለምን እታሰራለሁ አላልከኝም?»

«ፈርቼ ነዋ። ፈርቼ ነው ወደ ፊታውራሪውም የሄድኩት። ፈራሁ ብልሽ ትንቂኛለሽ ብዬ ነው። ለሽማግሌዎቹ ቃል ሰጠሻቸው፣ የሻረግ። ለኔ የሰጠሽኝ የማክሰኞ ቀጠሮ ነው።»

እውነት ነበር። እወድሃለሁ አለችው ያኔ፣ ዘበኛው እየሰማ። እሱም አውቃለሁ አላት፣ ስንቁን ተቀብሎ ገባ።

ሁለት ዓመት በየወሩ ሄደች። በየወሩ ወጥቶ አነጋገራት፤ የአባቷን ጤና፣ የእናቷን ነገር፣ የሀሰንን ከብቶች ይጠይቃታል። የጋብቻውን ወሬ ግን እሱም አላነሳም፣ እሷም ደፍራ አላነሳችም። ሲፈታ ልትቀበለው በሄደች ቀን ከሦስት ቀን በፊት ወጥቷል አሏት።

አሰብ ወደብ ላይ ጽሕፈት የሌለበት ሥራ አግኝቷል የሚል ወሬ ቆይቶ መጣ። ከዚያ አንድ ዓመት እንዳለፈ ሙሐመድሰዒድ ዕቃ ሊያስጭኑ አሰብ ሄደው ሲመለሱ፣ ሻይ ቤታቸው በር ላይ ጠሯትና አስቀመጧት። ስዩምን አግኝተውታል፣ ደህና ነው። አንዲት የወደብ ሠራተኛ ልጅ አግብቷል። የአላህ ሥራ ነው፣ ልጄ አሏት።

የሻረግ ሻይዋን አማሰለች። ሽማግሌ እነማን ሆነውለት እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«ማንንም አልላከም» አሉ ሙሐመድሰዒድ። «እቤቷ ሄዶ፣ ታስሬ ነበር፣ ፈሪም ነኝ፣ ትፈልጊኛለሽ ወይ ብሎ ራሱ ነው የጠየቃት። እሷም በአባቷ ፊት እፈልግሃለሁ አለችው አሉ።»

ደግ አደረገች አለች የሻረግ። ሻይዋን ጠጥታ ጨረሰች፣ ጋሽ ሙሐመድሰዒድን ተሰናበተች፣ ለአባቷ ዳቦ ገዝታ ወደ ቤቷ ሄደች።